ፋብሪካው የቆመ ሰሞን

እውነተኛ ስሟን ከአባቷና ከወንድሟ በቀር የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ የለም። ሁሉም የሚጠራት አዋጅ እያለ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣላት ባይታወቅም ለምን እንደወጣላት ለመረዳት ግን አንድ ጊዜ እሷ ዘንድ ዳቦ መግዛት በቂ ነው። "ትኩስ ወጣ!" ስትል ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ደንግጦ መቀሱን ከደንበኛው ጆሮ ያርቃል። ምሥጢር ሊያጫውታት የመጣ ሰው ወሬውን ከመጀመሩ በፊት የዳቦ ቤቱን በር ይዘጋል፤ ዘግቶም ቢሆን ሲመሽ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚሰማው ያውቃል። ክፋት የለባትም። ሹክ ማለት የሚባለውን ነገር ሲፈጥራት አልሰጣትም እንጂ።

ሰፊ ትከሻ፣ እስከ ክርኑ በምድጃ አፍ የተለበለበ ክንድ፣ ዱቄት የማይለየው ቅንድብ አላት። ዕድሜዋ ሃምሳን ተሻግሯል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅም አልወለዱም። የቀሯት ቤተሰቦች ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል የሚኖሩት ሽማግሌ አባቷና አብሯት የሚጋግረው ታናሽ ወንድሟ ናቸው። ዳቦ ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው። ፊት ለፊት የመስታወት መደርደሪያ፣ ከዚያ ስትዞር የምታቃስት የሊጥ ማሽን፣ ከዚያ የዱቄት ጆንያ ክምር፣ መጨረሻ ላይ አባትየው በጉብዝናቸው ዘመን በጡብ የገነቡት ምድጃ። የምድጃው ጭስ ማውጫ የቆርቆሮውን ጣሪያ በስቶ ይወጣል። ግራና ቀኝ ፎቆች ስለበቀሉ ዳቦ ቤቱ በመካከላቸው ጉድጓድ የገባ ይመስላል።

ከሰፈሩ በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ አለ። ጭስ ማውጫው ከየትኛውም መስኮት ይታያል፤ ከሱ የሚወጣው ጥቁር ጭስም እንዲሁ። የከተማዋ ሰማይ ቀለሙ ከጠፋ ሰንብቷል። ዝናቡ ሲያሻው ይቀራል፣ ሲያሻው የወሩን ሁሉ ባንድ ከሰዓት አውርዶት ይሄዳል። ሙቀቱ በየዓመቱ ይብሳል። ሬዲዮው ስለ ዓለም አየር መበከል ሲያወራ ሰው ድምፁን ይቀንሳል፤ የገዛ ልጁ ሲያስል ግን የሚቀንስበት ቁልፍ የለውም።

ድምፅ መቀነስ የማታውቀው አዋጅ ነች ታዲያ ሰፈሩን የቀሰቀሰችው። ከቤት ቤት እየዞረች፣ "በፋብሪካው ጭስ ታፍነን እንሙት እንዴ?" እያለች ኮሚቴ አቋቋመች። ሊቀመንበሯም እሷ ሆነች፤ ሌላ ሰው ለመጠቆም የሞከረ አልነበረም። ዳቦ የሚገዛ ሰው ከዳቦው ጋር ስለ ፋብሪካው አንድ ሙሉ ንግግር ተሸክሞ ይወጣ ነበር። ስትናገር ጉብታውን በረጅሙ የዳቦ ማውጫ አካፋዋ ትጠቁማለች፤ ጥጋብ፣ ንቀት፣ ግዴለሽነት የሚሉት ቃላት አንዱም አይቀርባትም። ከንግግሩ መካከል ጉሮሮዋን ሲከረክራት ታስልና፣ "ይኸው፣ እኔንም ጨረሱኝ!" ትላለች።

አንድ ቀን እንፋሎት የሚያፈላው የፋብሪካው ቦይለር ተበላሸ። ለጥገና ብዙ ቀን እንደሚቆም የሚሠሩት ሰዎች ነገሩና ወሬው ተሰማ። በማግሥቱ ጠዋት ጉብታው ላይ ጭስ የሚባል አልነበረም። አዋጅ መንገድ መሃል ወጥታ ቆመች።

"መስኮት ክፈቱ!" አለች ወደ ፎቆቹ አንጋጣ። "ዛሬ አየር አለ! ልብሳችሁን እጠቡ! ያለ ሥጋት አስጡ!"

ከጎን ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ነርስ ይህን ሰምታ የተጠራቀመ አንሶላዋንና ነጭ ጋውኖቿን አጥባ ጣሪያው ላይ ሰቀለች። ነርሷ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ነች፤ የኮሚቴው አባል ብትሆንም በስብሰባ ላይ ድምፅዋን የሰማ ጥቂት ነው።

ከሰዓት በኋላ አዋጅ የጠዋቱን ጋግራ ሸጣ ስትጨርስ፣ ጭስ የሌለበትን የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ከፍ ብላ አይታ አንጀቷን ለማራስ ብላ ወደዚያው ጣሪያ ወጣች። ደረጃውን ስትጨርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ነርሷ አንድ አንሶላ ዘርግታ በእጇ መዳፍ ታራግፋለች። አዋጅ ጠጋ ስትል አንሶላው ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል ጥቁር ነገር አየች። ነርሷ ባራገፈችው ቁጥር እየተሰመረ መስመር ይሠራል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ነፋስ ያመጣው ይሆናል እትዬ" አለች ነርሷ፣ አንሶላውን ፈጠን ብላ እያጠፈች።

"ነፋስማ ከየት ያመጣዋል? ፋብሪካው ቆሟል እኮ!"

 የነርሷ ዓይን ሳታስበው ወደ ታች ሄደ። አዋጅም ዓይኗን ተከትላ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ጎንበስ አለች። ከሥር በፎቆቹ መካከል የተሸጎጠ ዝገታም ቆርቆሮ ይታያል። ከመሃሉ አጭር ጭስ ማውጫ ብቅ ብሎ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ቅባት የነካው የሚመስል ጭስ ይተፋል። ጭሱ የሚሄድበት ሰማይ አጥቶ በግድግዳው ላይ እየታከከ ይወጣና በየመስኮቱ ይገባል።

"ይሄ ደሞ የማን ጉድ ነው?" አለች አዋጅ።

ወዲያው የቆርቆሮው ጥግ ላይ የተሰጣ ቀይ ሽርጥ አየች። ሽርጡ የራሷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከሥሩ የኖረችበትን ጣሪያ ከላይ ሆና አይታው አታውቅም ነበር። 

ለተወሰነ ጊዜ አፏ ሥራውን አቆመ። ነርሷ ፈራች፤ አዋጅ ዝም ብላ አይታት ስለማታውቅ የታመመች መሰላት። በመጨረሻ አዋጅ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦

"ይህን ካወቃችሁ ቆያችሁ?"

"ሁሉም ያውቃል፣ እትዬ።"

"ታዲያ አንድ አፍ ያለው ሰው እንኳ ጠፋ? ለምን አልነገራችሁኝም?"

ነርሷ አንሶላውን ደረቷ ላይ አቅፋ ትንሽ አሰበችና፣ "ማን ይንገርሽ?" አለች በቀስታ። "አንቺ መናገር ከጀመርሽ ለሌላው ተራ መቼ ይደርሰዋል?"

አዋጅ ደረጃውን ስትወርድ የሰው ቤት በር ባለፈች ቁጥር አንገቷን ደፋች። ዳቦ ቤት ስትደርስ ወንድሟ ለማታው ዳቦ ባቀጣጠለው ምድጃ አፍ የቺፑድ ቁርጥራጭ እየጠቀጠቀ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የሚነድደው ይኸው ነው፦ ከታችኛው መንገድ አናጢ የሚመጣ፣ ኮላ የጠጣ፣ ቀለምና ቫርኒሽ የተቀባ የሳንቃ ትርፍራፊ። አናጢው ቦታ ስለሚያጣብበው በነፃ ይሰጣል፣ እነሱም ደስ ብሏቸው ይወስዳሉ። አዋጅ አንዱን አነሣችና እሳቱ ላይ ይዛ ተመለከተች። ቀለሙ እንደ ቁስል አብጦ ፈነዳ፤ ሽታው አፍንጫዋን ዘልቆ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ፤ አሳላት። ያው ሳል ነው። ከጉብታው የመጣ እየመሰላት መንገድ መሃል ስትሳደብበት የኖረችው ሳል፣ ከገዛ ምድጃዋ አፍ እየወጣ ኖሯል።

"ይህን ነገር አውጣው" አለችው ወንድሟን።

"የቱን?"

"ቀለም የነካውን ሁሉ። ደረቁን እንጨት አስገባ። ይህን ሊጥ እንጋግርና ምድጃውን እንዘጋዋለን።"

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። "ምን ነክቶሽ ነው? ፀሐይ ላይ ቆመሽ ነበር?"

"ከላይ ሆኜ አየሁት። ሰፈሩን የምናጨሰው እኛ ነን።"

"እኛ?" ሳቀ። "እህቴ፣ በሞቴ! ፋብሪካው ተራራ የሚያክል ጭስ ሲያወጣ ኖሮ የኛ ይቺ ትንኝ ታየችሽ? ከተማው ውስጥ ስንት መኪና አለ? ስንት ቆሻሻ ይቃጠላል? የኛ ምድጃ ቢዘጋ ሰማዩ ነገ ሰማያዊ ሊሆን ነው?"

"አይሆንም" አለች። "የነርሷ አንሶላ ግን ነጭ ይሆናል።"

"ሰውስ ምን ይበላል? እኛስ?"

 ከጀርባው ክፍል አባቷ በከዘራቸው እየተደገፉ ወጡና በዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ጆሯቸው ስለሚሰማ ሁሉንም አዳምጠዋል።

"አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱን" አላቸው ወንድሟ። "ይህን ምድጃ ልታፈርሰው ነው።"

አባትየው ምድጃውን በከዘራቸው ጠቆሙ። "እኔ ስሠራው" አሉ፣ "እዚህ ዙሪያ ቤት አልነበረም። ሜዳ ነበር። ጭሱ የሚደርሰው ለወፍ ነበር። ፎቆቹ ሲወጡ ጭስ ማውጫው አብሮ መውጣት ነበረበት። ዓይኔ እያየ ነው የተሠሩት፤ እኔም ቁጭ ብዬ ዝም አልኩ።" ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ያም ሆኖ እኛ እንጨት እንጂ ቀለም አላነደድንም፣ ልጄ።"

ወንድሟ ሽርጡን አውልቆ መንጠቆው ላይ ወረወረና ወጣ። እሷ ብቻዋን ዳቦውን ጋግራ ጨረሰች። ከዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጠች፤ የምታስበው ግን ስለ ጭሱ ብቻ አልነበረም። ጉብታው ላይ ጠላት መኖሩ እንዴት ደስ ይላት እንደነበር ታወቃት። ጠላት ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ጥሩ ነው፤ አንጋጠህ ትሰድበዋለህ፣ ሰው ያጨበጭብልሃል፣ እግርህ ሥር ያለውን ማየት አይጠበቅብህም። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ጎንበስ ብላ የራሷን አመድ አላየችም። አፈረች። ማፈሩ ግን ሆድ አስብሶ የሚያስቀምጥ ዓይነት አልነበረም፤ እጅ እጇን የሚበላ፣ አሁኑኑ አንድ ነገር ካልሠራሽ የሚል ዓይነት ነበር።

በዚያው ሳምንት የኮሚቴው ስብሰባ ነበር። ወንድሟ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና፣ "የምትሠሪውን ሥሪ፣ ግን ራስሽን ሰው ፊት አታዋርጂ" ብሎ መከራት። እሷ ግን በፎቁ ግቢ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥታ ቆመች። ጀመረች። ድምጿ ግን እንደወትሮው አልወጣ አላት።

"አልተሰማም!" አሉ ከኋላ የተቀመጡት። በዚያ ሰፈር ታሪክ ለአዋጅ እንዲህ ሲባል የመጀመሪያው ነበር።

ጉሮሮዋን ጠረገች። "የናንተን ልብስ ሲያጠቁር የኖረው ጭስ የኔ ነው አልኩ። ፋብሪካው ቆሟል፤ ጥቀርሻው አልቆመም። ፋብሪካውን ነፃ አላወጣሁትም፤ የሱ የሱ ነው። የኔ ግን የኔ ነው።"

 አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር፣ "እናውቃለን" አለ። ሰው ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ታፈነ፣ ኋላ ግን ፈነዳ። እሷም ሳትወድ ሳቀች።

"ምድጃውን ዘግቼ አሠራዋለሁ" አለች።

ሳቁ ወዲያው ቆመ። "ዳቦስ?" አለ አንዱ። "ከየት ልንገዛ ነው?" አለች ሌላዋ። ከመካከላቸውም፣ "ኧረ እትዬ፣ ቢጨስም ለምደነዋል፣ አትዝጊው" የሚል አልጠፋም። እንግዲህ ሰው እንዲህ ነው፤ ስለ ፋብሪካው ሲሆን ጥርሱን ነክሶ፣ ስለ ቁርሱ ሲሆን ለስልሶ። አዋጅ ግን ወይ ፍንክች። እንዲያውም ሌላ ነገር ጨመረችበት፦ "ምድጃዬ ተስተካክሎ እስካይ ድረስ ሊቀመንበርነቱን ሌላ ሰው ይያዘው። እኔ በዚህ ፊቴ ማንም ፊት ቆሜ ስለ ጭስ ላወራ አልችልም።" ሰው ተያየ፤ ሹፌሩ ነርሷን ጠቆመ። ነርሷ አቀረቀረች፣ ግን እምቢ አላለችም።

ምድጃውን የሚሠራላት ግንበኛ ተፈልጎ ተገኘ። ጆሮው የደከመ፣ እጁ ግን የሰላ ሰው ነው። ሰፈሩ ውስጥ ከአዋጅ ጋር በተለመደ ድምፅ የሚነጋገር እሱ ብቻ ሆነ፤ እሷ ትጮሃለች፣ እሱ ልክ እንደሚገባ ሰምቶ ይመልሳል። የምድጃውን ጀርባ አፍርሶ ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ዳግመኛ የሚነድድበት ሌላ ክፍል በጡብ ገነባ። ጭስ ማውጫውንም በብረት ቱቦ እየቀጠለ በፎቁ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ከጣሪያው በላይ አወጣው። እሷ ጡብ ታቀብላለች፣ ጭቃ ትረግጣለች፣ አሸዋ ትነፋለች። አባቷ ወንበር አስወጥተው አጠገባቸው ተቀምጠው፣ "እዚያ ጋ ጠበብ አድርገው" እያሉ ያዝዛሉ፤ ግንበኛው ስለማይሰማቸው የወደደውን ይሠራል። ለማገዶ የሚሆን ቀለም ያልነካው እንጨትም እየተገዛ፣ ዝናብ እንዳያገኘው በጓሮው ጥላ ሥር ተደረደረ። ለዚህ ሁሉ ያስቀመጠቻት ጥሪት ተሟጠጠች።

ወንድሟ በዚህ ሁሉ አልነበረም። አኩርፎ ዋናው መንገድ ላይ ሌላ ዳቦ ቤት ገብቶ ይሠራ ነበር። ደንበኞቿም እዚያው ይሄዳሉ፤ በሯ ላይ ሲያልፉ ከዚያኛው ዳቦ ቤት የገዙትን በልብሳቸው ሥር ይሸሽጋሉ። ታያቸዋለች። ቅር ይላታል።

ምድጃው አልቆ የመጀመሪያው እሳት ተነደደ። ጭሱ ጥቂት ከጨሰ በኋላ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ፤ ከላይኛው ቱቦ የሚወጣው ሙቀት ብቻ ሆኖ አየሩ ይርገበገባል። አዋጅ እልል ልትል ቃጣት። ዳቦው ሲወጣ ግን ሥሩ ከሰል፣ መሃሉ ሊጥ ነው። ደግማ ሞከረች፤ ያው። አዲሱ ጭስ ማውጫ እሳቱን ወደ ራሱ እየሳበ የምድጃውን ወለል ያግለዋል፣ ጣሪያውን ያቀዘቅዘዋል። ስንት ሊጥ ተበላሸ! የተበላሸውን ዶሮ ለሚያረቡ ጎረቤቶች ሰጠች፤ ዶሮዎቹ የሚደሰቱበት ሳምንት ሆነ። እጇ ተቃጠለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያረረውን ዳቦ በሁለት እጇ ይዛ ምድጃው ፊት እንደቆመች እንባዋ መጣ፤ "የት አባቱ! ይጋገራታል!" ብላ በሽርጧ ጠረገችውና አዲስ ዱቄት ፈታች።

ወንድሟን የመለሰው ይኸው ያረረ ዳቦ ነው። ይቅርታ ሊጠይቅ አልመጣም፣ ልትጠይቀውም አልጠበቀም። ዶሮ የሚያረባው ጎረቤት ከነጆንያው ሲያሳየው መታገሥ አቃተውና አንድ ቀን በሩን በርግዶ ገባ።

"ዳቦውን ምን አድርገሽው ነው? ሰው ምን ይለናል?"

"አልበስል አለኝ።"

"እሳቱን ከፊት ነው የምትሰበስቢው?"

"እንደ ድሮው።"

"ምድጃው እንደ ድሮው አይደለማ!" አለና ሽርጡን ከመንጠቆው አንሥቶ ታጠቀ። ፍሙን ወደ ጎን ገፋው፣ የቱቦውን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አጠበበው፣ እጁን በምድጃው አፍ ላይ ዘርግቶ ሙቀቱን ለካ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ፣ ሲከፍቱ፣ ሲዘጉ ዋሉ። ሲመሻሽ የወጣው ዳቦ ወርቅ የመሰለ ነበር። አባቷ አንዱን ቆርሰው አኘኩና፣ "እንጨት እንጨት ይላል" አሉ። ከሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይገኝም።

ደንበኛው ሁሉ አልተመለሰም። ዋናው መንገድ ላይ የለመደ እዚያው ቀረ። የነርሷ ፎቅ ሰዎች ግን መጡ፤ መስኮታቸውንም ከፈቱ።

በዚህ መካከል የፋብሪካው ቦይለር ተጠግኖ ጉብታው ዳግመኛ ይጨስ ጀመር። ነርሷ ኮሚቴውን ይዛ ወደ ፋብሪካው ወጣች። አዋጅ ከኋላ ከኋላ ተከተለች፤ መንገድ ላይ ለመናገር አፏን በከፈተች ቁጥር ራሷ መልሳ ትገጥመዋለች። ሥራ አስኪያጁ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ ሰው ነው። ነርሷ የሕፃናቱን ሳል፣ ክሊኒኳ የሚመጡትን ሰዎች ረጋ ብላ አስረዳችው። እስክትጨርስ ጠበቃትና ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፎቶ ነው፦ ዝገታም ቆርቆሮ፣ አጭር ጭስ ማውጫ፣ ቡናማ ጭስ።

"ከመካከላችሁ የዳቦ ቤት ባለቤት አለች ሲሉኝ ነበር" አለ። "ሰፈሩን የሚያጨሰው ማን እንደሆነ መጀመሪያ እዚያው ብታጣሩ አይሻልም?"

 ነርሷ ወደ አዋጅ አየች። አዋጅ ከወንበሯ ተነሣች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ፎቶው እውነት ነው። አሮጌ ነው እንጂ ሐሰት የለበትም። ያ ጭስ የኔ ነበር፤ ዘግቼው አሠራሁት። ይምጡና አሁን ይዩት፤ ጣሪያው ላይ ራሴ ይዤዎት እወጣለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ክርክር ነበር የጠበቀው። "እና..." አለ፣ ስልኩን ወደ ራሱ እየሳበ።

"እናማ የኔ አለቀ፤ አሁን የርስዎን እንነጋገር። እኔ አንዲት ምድጃ ለማስተካከል ደንበኛ አጥቻለሁ፣ ከወንድሜ ተጣልቻለሁ፣ ይኸው እጄ ተቃጥሏል። ቀላል ነው አልልዎትም። ይቻላል ነው የምልዎት።"

ሥራ አስኪያጁ እጇን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከሱ በላይ ያሉትን የሚፈራ፣ ከበታቹ ያሉትን ማባበል የለመደ ሰው ነው። የጭስ ማውጫው ማጣሪያ አርጅቶ ከሥራ መውጣቱን፣ አዲስ እንዲገዛ ጠይቆ መልስ እንዳጣ ቀስ በቀስ ተናገረ። ነርሷም፣ "እንግዲያው አብረን እንጠይቅ" አለችው። አብረው ጠየቁ። ዛሬ ነገ ሲባል ወራት አለፉ፤ ኮሚቴው ግን ጉብታውን መውጣት አልተወም፤ አዋጅም ዳቦ ይዛ እየወጣች የጥበቃዎቹ ወዳጅ ሆነች። ማጣሪያው በመጨረሻ ተተከለ። ጭሱ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ሆነ። አልጠፋም። ኮሚቴውም አልተበተነም። ሊቀመንበርነቱ ይመለስላት ሲባል አዋጅ፣ "ተዉ፣ ነርሷ ስትናገር ሰው ያዳምጣል" ብላ አባል ሆና ቀረች።

ከዚያ ወዲህ የጠዋቱን ዳቦ ሸጣ ስትጨርስ ወደ ፎቁ ጣሪያ መውጣት ልማዷ ሆነ። አንድ ቀን ከታችኛው መንገድ በኩል አንድ ቀጭን፣ ቡናማ ጭስ ሲነሣ አየች። ቀለሙን አወቀችው። እሷ ከአናጢው አልወስድም ያለችው የቺፑድ ቁርጥራጭ ነው። ከምድጃዋ ያስወጣችው ጭስ የትም አልሄደም፤ ሰፈር ነው የቀየረው። "አዬ ሞኝነቴ!" ብላ እየተቻኮለች ወረደች።

አናጢው ከሱቁ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ በረጅም ብረት እሳቱን ይቆሰቁሳል። ጢሙ ውስጥ የመጋዝ ትቢያ የማይጠፋ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ሲያያት ብረቱን ወደ ላይ አነሣ።

"ገና ሳትናገሪ እጄን ሰጥቻለሁ!"

"ምነው ወንድሜ? እንዲህ ሜዳ ላይ?"

"ታዲያ ምን ላድርገው? አንቺ አልወስድም አልሽ። ሱቄ ሞላ። ልብላው?"

"ጥፋቱ የኔም ነው" አለች አዋጅ። "'አልወስድም' ብዬ ጥዬህ ሄድኩ። ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም።"

አናጢው ለጠብ ተዘጋጅቶ ስለነበር ይህ ግራ አጋባው። ባልዲ ውሃ አምጥተው እሳቱን አጠፉ። ከዚያ ክምሩ አጠገብ ተቀምጠው ይለዩ ጀመር፤ ንጹሑ እንጨት ለምድጃዋ ወደ ቀኝ፣ ቀለምና ኮላ የነካው ወደ ግራ። የግራው እያደገ ሄደ። አናጢው መጀመሪያ እየቀለደ ነበር፤ ኋላ ቀልዱን ተወ። አንድ ሳንቃ አንሥቶ አገላብጦ አየው። ግማሹ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ተቀብቷል።

"ይህን እኮ" አለ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው፣ "ቀብቼ ነው የቆረጥኩት። ስለሚፈጥን ሙሉውን ሳንቃ ቀብቼ እቆርጠዋለሁ። መጀመሪያ ቆርጬ ኋላ ብቀባው ትርፍራፊው ንጹሕ እንጨት ይሆን ነበር።"

አዋጅ አስተያየት ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ሰውየው ራሱ ደርሶበታል።

"ቀኑ ይረዝምብኛል" አለ አናጢው።

"ይረዝማል" አለች።

በግራ በኩል የተከመረውን ምን እንደሚያደርጉት ሁለቱም አያውቁም ነበር። ለጊዜው ከሥሩ ድንጋይ አስገብተው ከላይ ሸራ አለበሱት፤ የት እንደሚወሰድ ለመጠየቅ ሁለቱም አብረው ማዘጋጃ ቤት ሊሄዱ ተቀጣጠሩ። አናጢው አንድ ትርፍ ጓንት ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። የቀኙን እጇን፣ የቃጠሎ ጠባሳ የቀረበትን፣ ቀስ ብላ አስገባችና የሚቀጥለውን ሳንቃ አነሣች።